ካውያው ቢመታህ ምን ትሆናለህ? ፊዚክስን ከ«ሆም አሎን» ፊልም ጋር

የእህቴ ልጅ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ገብታለች። የገና ሰሞን እኛ ቤት መጥታ «ሆም አሎን»ን አብረን ስናይ፣ አንድ ቦታ ላይ ሪሞቱን ነጠቀችኝና ፊልሙን አቆመችው። ሌባው ምድር ቤት ገብቷል። ጨለማ ነው። መብራት የሚያበራ መስሎት አንድ ገመድ ይስባል። ቀና ሲል ካውያ ከላይ እየተምዘገዘገ ይመጣል። ስክሪኑ ላይ ካውያው አየር ላይ ቀጥ ብሏል። የሌባው አፍ እንደተከፈተ ነው።

«አጎቴ፣ የእውነት ቢሆን ይሞት ነበር?»

«ቆይ እናስላው» አልኳት። ደብተሯን አመጣች።

103 ደቂቃ የሚፈጀውን ፊልም ጨርሰን ስንነሳ እኩለ ሌሊት አልፎ ነበር። ልጅቷ ፎርሙላ አታጣም። ሸምድዳዋለች። ትምህርቱ በእንግሊዝኛ ስለሆነ ቃሉን ታውቀዋለች፣ ነገሩን ግን አይታው አታውቅም። ያን ምሽት አየችው። እኔም ደስ ብሎኝ አደርኩ። ያሰላነውን ለእናንተም ላካፍላችሁ።

ፊልሙን ላላያችሁት በአጭሩ ልንገራችሁ። የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. ነው። የጻፈው ጆን ሂዩዝ፣ ያዘጋጀው ክሪስ ኮለምበስ ነው። የ8 ዓመቱ ኬቨን፣ ቤተሰቦቹ ለገና ወደ ፓሪስ ሲበሩ በግርግሩ ቺካጎ አጠገብ ያለው ቤታቸው ውስጥ ይረሳል። ሃሪ እና ማርቭ የሚባሉ ሁለት ሌቦች ቤቱን ሊዘርፉ ይመጣሉ። ልጁ ደግሞ በቤት ውስጥ ባገኘው ዕቃ ወጥመድ ያዘጋጅላቸዋል። ካውያ፣ የቀለም ጋሎን፣ ምስማር፣ ውሃ፣ ገመድ። ፊዚክስ ለሚያስተምር ሰው ይህ ቤት ሙሉ ላብራቶሪ ነው።

አንድ ነገር ግን ቀድሜ ልናገር። በዚህ ፊልም ውስጥ ወጥመዱ እውነት ነው፤ ውሸቱ ያለው ቁስሉ ላይ ነው። ካውያው እንደሚወድቀው ይወድቃል። ጋሎኑ እንደሚወዛወዘው ይወዛወዛል። ሰዎቹ ግን ተነስተው ይሄዳሉ። የምንስቀውም ለዚህ ይመስለኛል። ሰውነታችን ምን እንደሚመጣ ከሌባው አንድ ሰከንድ ቀድሞ ያውቀዋል። ማንም ሳያስተምረን እናውቀዋለን። ትምህርቱ የሚጨምርልን ቁጥሩን ነው።

ወደ ካውያው እንመለስ። ቆሻሻ ልብስ ከላይ ወደ ምድር ቤት የሚጣልበት ቱቦ አለ፤ የወደቀው በዚያ ነው። ቁመቱን ፊልሙ አይነግረንም። እኛ 4 ሜትር ብለን ገመትን። ካውያውንም 2 ኪሎ አልነው።

አንድ ነገር ሲወድቅ ፍጥነቱ በእያንዳንዱ ሰከንድ 9.8 ሜትር በሰከንድ ይጨምራል። ይህ የመሬት ስበት ሥራ ነው። 4 ሜትር ለመውረድ 0.9 ሰከንድ ይበቃል። ታች ሲደርስ ፍጥነቱ ወደ 9 ሜትር በሰከንድ ይጠጋል። በመኪና ቋንቋ 32 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው።

«ባለ 1 ኪሎ ቢሆንስ?» አለች። ፍጥነቱ ያው ነው። ከባዱም ቀላሉም እኩል ይወድቃል። የሚያዘገየው አየር ነው፣ እሱም ላባን እንጂ ካውያን ብዙም አያስቸግርም። በ1971 እ.ኤ.አ. የአፖሎ 15 ጠፈርተኛ ዴቪድ ስኮት ጨረቃ ላይ ቆሞ መዶሻና የጭልፊት ላባ በአንድ ጊዜ ለቀቀ። እዚያ አየር የለም። ሁለቱ እኩል መሬት ነኩ። የ1 ኪሎውና የ2 ኪሎው ካውያ ልዩነት ፍጥነታቸው ላይ ሳይሆን ይዘውት የሚመጡት ኢነርጂ ላይ ነው።

ካውያው ገና ከላይ ሳለ እምቅ ኢነርጂ፣ ማለትም ከፍታው ያጠራቀመለት ኢነርጂ አለው። ኪሎውን፣ ስበቱንና ከፍታውን ስናባዛ 2 ጊዜ 9.8 ጊዜ 4፣ 78 ጁል ይሆናል። ጁል የኢነርጂ መለኪያ ነው። ሲወርድ ያ እምቅ ኢነርጂ ወደ እንቅስቃሴ ኢነርጂ ይለወጣል። አይጠፋም፣ አይጨምርም። ፊቱ ጋ ሲደርስ 78ቱም ጁል ሊወጣ ተዘጋጅቷል።

እዚህ ላይ ነው ዋናው ነገር፣ እኔም በልጅነቴ ማንም በደንብ ያላስረዳኝ። ካውያው በስንት ኃይል እንደሚመታ የሚወስነው ፍጥነቱና ክብደቱ ብቻ አይደለም። ለመቆም ስንት ርቀት ያገኛል? ጥያቄው ይህ ነው። ያ ኢነርጂ በረጅም ርቀት ከተከፋፈለ ኃይሉ ይለሰልሳል። በአጭር ርቀት ማለቅ ካለበት ኃይሉ ጣሪያ ይነካል። ሰው ከአጥር ላይ ሲዘል እግሩን አጠፍ የሚያደርገው ለዚህ ነው። እንቁላል ሲወረወርልህ እጅህን ወደ ኋላ እየሳብክ የምትቀልበው ለዚህ ነው። ርቀት እየሰጠኸው ነው።

ፊት ግን ብዙ ርቀት የለውም። ቆዳው፣ ስጋውና የአፍንጫው መጣመም ተደምሮ 2 ሳንቲ ሜትር ብንለው፣ 78 ጁልን ለ0.02 ሜትር እናካፍላለን። 3,900 ኒውተን። ለቅጽበት 400 ኪሎ የሚጠጋ ነገር ፊትህ ላይ እንደተጫነ ቁጠረው። የአፍንጫ አጥንት ለመስበር ከዚህ እጅግ ያነሰ ይበቃል።

ስለዚህ የልጅቷ ጥያቄ መልስ ይህ ነው። አፍንጫው በእርግጠኝነት ይሰበራል፣ ራሱን ይስታል፣ ሊሞትም ይችላል። ማርቭ ግን ፊቱ ላይ የካውያ ምልክት ይዞ መንገዱን ይቀጥላል። ሄልሜት አድርጎ ቢሆን ኖሮስ? ውስጡ ያለው ፎም ሲጨፈለቅ 2 ሳንቲ ሜትር ቢጨምርለት፣ የማቆሚያው ርቀት እጥፍ ይሆናል፣ ኃይሉ በግማሽ ይወርዳል። ሞተር ሳይክል የምትነዱ፣ የሕንፃ ሥራ ላይ የምትውሉ፣ ሄልሜት የሚሰጣችሁ እነዚያን ጥቂት ሳንቲ ሜትሮች ነው። እባካችሁ አድርጉት።

ቀጥሎ የቀለም ጋሎኑ። ፊልሙ ውስጥ በጣም የሚወደደው ትዕይንት ይህ ሳይሆን አይቀርም። ኬቨን ከደረጃው አናት ላይ ቆሞ በገመድ የታሰረ ጋሎን ይለቃል። ጋሎኑ ቅስት ሠርቶ ወርዶ ደረጃ የሚወጣውን ሌባ ፊቱን ይለዋል። ከዚያ ሁለተኛው ጋሎን ለሁለተኛው ሌባ።

ይህ ዥዋዥዌ ነው። በፊዚክስ ፔንዱለም ይባላል። ሙሉ የቀለም ጋሎን 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 2 ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ መታው እንበል። ፍጥነቱ 6.3 ሜትር በሰከንድ ይሆናል፤ ከ22 ኪሎ ሜትር በሰዓት በላይ ማለት ነው።

«ቀጥ ብሎ 2 ሜትር ቢወድቅስ?» አለች።

«ያው 6.3።»

አላመነችኝም። ገመዱ መኖሩ ለውጥ ያመጣል ብላ አስባለች። ይህ ብዙ ተማሪ የሚሳሳትበት ቦታ ነው። ገመዱ ጋሎኑን የሚስበው ወደታሰረበት ቦታ ነው። ጋሎኑ ደግሞ ሁልጊዜ የሚሄደው ከገመዱ ጋር 90 ዲግሪ ሠርቶ፣ በቅስቱ ላይ ነው። ገመዱ በሚስብበት አቅጣጫ አንድም ስንዝር አይጓዝም። ስለዚህ ገመዱ ኢነርጂ አይጨምርም፣ አይቀንስም። ሥራው አቅጣጫ መቀየር ብቻ ነው። ወደታች የሚወርደውን ፍጥነት ቀስ በቀስ ወደ ጎን ያዞረዋል። ኬቨን ያገኘው ትልቅ ጥቅም ይህ ነው። ካውያው ከታች በትክክል የቆመ ሰው ይፈልጋል። ጋሎኑ ግን ደረጃ እየወጣ የሚመጣውን ሰው ፊት ለፊት ያገኘዋል።

አሁን ፊልሙ የሚዋሽበት ቦታ ላይ ደረስን። ጋሎኑ ሲመታው ሌባው እግሩ ከመሬት ተነቅሎ ወደ ኋላ ይበራል። ይሆናል? ኪሎውን በፍጥነቱ ስናባዛ ሞመንተም እናገኛለን። ጋሎኑ 5 ጊዜ 6.3፣ 31.5 ይዞ ይመጣል። ይህን የሚረከበው 70 ኪሎ ሰው ነው እንበል። ጋሎኑና ሰውየው አብረው ቢሄዱ 75 ኪሎ ናቸው። 31.5 ለ75 ሲካፈል 0.42 ሜትር በሰከንድ ነው። በሰዓት 1.5 ኪሎ ሜትር ብቻ። ሰው በዝግታ ሲራመድ እንኳ ከዚህ ይፈጥናል። ፊልም ላይ የምናየው በረራ የሚመጣው ባለሙያው ራሱ ስለሚዘል ወይም በገመድ ስለሚጎተት ነው። የጋሎኑ ሥራ አይደለም።

«እንግዲያው ብዙም አይጎዳውም» አለች። ተቃራኒው ነው። ጋሎኑ የሚያገኘው ሰውየውን ሙሉ አይደለም፣ ጭንቅላቱን ነው። የሰው ጭንቅላት 5 ኪሎ ገደማ ይመዝናል፣ ልክ እንደ ጋሎኑ። ሰውነቱ ገና ምንም ሳይሰማ ጭንቅላቱ ብቻውን ወደ ኋላ ይወረወራል። አንገት ደግሞ መሃል ላይ ነው። ፊልሙ የሰውየውን በረራ አጋነነ፣ የአንገቱን ጉዳት ደበቀ። እውነተኛው ነገር ለዓይን ትንሽ፣ ለሰውየው ግን የከፋ ነው።

ባዶ ጣሳ ቢሆን ኖሮ ፍጥነቱ ያው 6.3 ነበር። ሌባው «ኧረ!» ብሎ ግንባሩን አሽቶ ያልፍ ነበር። ልዩነቱን ያመጣው ቀለሙ ነው።

በረዶውን፣ መጫወቻ መኪኖቹንና ምስማሩን ፈጠን ብለን እንለፋቸው። ኬቨን ደረጃው ላይ ውሃ ያፈሳል፣ ብርዱ ያረጋዋል። መራመድ ማለት መሬቱን ወደ ኋላ መግፋት ነው፤ መሬቱም መልሶ ወደ ፊት ይገፋናል። ይህ የሚሆነው ሰበቃ፣ ማለትም ሁለት ነገሮች ሲነካኩ መንሸራተትን የሚከለክለው ኃይል ካለ ነው። 80 ኪሎ የሚመዝን ሰው በጎማ ሶል ደረቅ ሲሚንቶ ላይ ሲቆም፣ እግሩ ሳይንሸራተት 50 ኪሎ ገደማ የሚያህል ግፊት ይችላል። በረዶ ላይ ይህ ወደ 8 ኪሎና ከዚያም በታች ይወርዳል። ሚኒሶታ ወይም ካናዳ የምትኖሩ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። አዲስ አበባ ላለነው የሐምሌ ጭቃ ይበቃናል።

በረዶ ለምን ያንሸራትታል? ድሮ የሚሰጠው መልስ «የሰው ክብደት ተጭኖ ያቀልጠዋል» የሚል ነበር። ስሌቱ አይደግፈውም። በጫማ የቆመ ሰው የበረዶን መቅለጫ የሚቀይረው ከአንድ መቶኛ ዲግሪ ባነሰ ነው። እንግሊዛዊው ሳይንቲስት ማይክል ፋራዳይ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ሌላ ሐሳብ አመጣ። የበረዶ ገጽ ራሱ፣ ማንም ሳይረግጠው፣ ውሃ የመሰለ ስስ ሽፋን አለው አለ። ከላይ ያሉት ሞለኪውሎች ከላያቸው የሚይዛቸው ጎረቤት የለም፤ ስለዚህ ላላ ብለው ይንቀሳቀሳሉ። ዝርዝሩ ላይ ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ፣ ይህን ሐሳብ ግን ብዙዎቹ ይቀበሉታል። ወለሉ ላይ የተበተኑት ትንንሽ መኪኖች ደግሞ ያንኑ ሥራ በጎማ ይሠራሉ። መንሸራተትን ወደ መንከባለል ይቀይሩታል፣ መንከባለል ደግሞ ሰበቃው በጣም ትንሽ ነው።

ምስማሩ ላይ ማርቭ በባዶ እግሩ ይወጣበታል። ጫማውንና ካልሲውን ደረጃው ላይ የተቀባው ሬንጅ አስቀርቶበታል። ክብደቱ አልተለወጠም፣ የተለወጠው ስፋቱ ነው። የእግር መዳፍ 150 ካሬ ሳንቲ ሜትር ገደማ ነው። የምስማር ጫፍ 1 ካሬ ሚሊ ሜትር ብንለው፣ ያ ሁሉ ክብደት 15,000 ጊዜ በጠበበ ቦታ ላይ አረፈ። ግፊቱም 15,000 እጥፍ ሆነ ማለት ነው።

የበሩ እጀታ ግን ትንሽ ያቆየናል። ኬቨን ከውስጥ በኩል ከሰል ማቀጣጠያ የኤሌክትሪክ ብረት አንጠልጥሎበታል። ከውጭ የምናየው እጀታው ፍም መስሎ ሲቀላ ነው። ሃሪ ይጨብጠዋል። መዳፉ ላይ እጀታው ላይ የተቀረጸው ፊደል ይታተማል።

ሙቀቱ ከውስጥ ወደ ውጭ የተሻገረው በብረቱ በኩል ነው። ብረት ሙቀትን ከጫፍ እስከ ጫፍ ቶሎ ያሳልፋል፣ እንጨት አያሳልፍም። ጠዋት ተነስተህ የበሩን እጀታና የበሩን እንጨት ዳስስ። ብረቱ ይቀዘቅዛል፣ እንጨቱ አይቀዘቅዝም። በቴርሞሜትር ቢለኩ ግን እኩል ናቸው። ብረቱ የእጅህን ሙቀት ቶሎ ስለሚወስድብህ ነው የቀዘቀዘ የመሰለህ። የሃሪ ነገር የዚሁ ግልባጭ ነው። ብረቱ ሙቀቱን በዚያው ፍጥነት ሰጠው።

ሆኖም እጀታው ቀልቷል። ብረት በዓይን እስኪታይ ድረስ ለመቅላት ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ መሞቅ አለበት። እንጨት ደግሞ ከ250 እስከ 300 ዲግሪ አካባቢ ይቀጣጠላል። በሩ የእንጨት ነው። ስለዚህ እጀታው ሳይቀላ በፊት በሩ ዙሪያውን መጥቆር፣ መጤስ፣ ከዚያም መንደድ ነበረበት። የእህቴ ልጅ ይህን ስትሰማ ፊልሙን ወደ ኋላ መልሳ በሩን አየችው። ንጹህ ነው። ጭስ እንኳ የለም። ከዚያ በኋላ እያንዳንዱን ትዕይንት እንደ መርማሪ ነበር የምታየው።

ሃሪ እጁን በረዶ ውስጥ ይከታል። በረዶ ሲቀልጥ ብዙ ሙቀት ይወስዳል። 1 ግራም በረዶ ለማቅለጥ 334 ጁል ያስፈልጋል። ያ ኢነርጂ 1 ግራም ውሃን ከ0 ወደ 80 ዲግሪ ሊያሞቅ ይችል ነበር። ፊዚክሱ ትክክል ነው፣ ሕክምናው ግን አይደለም። ሰው ሲቃጠል በረዶ ቆዳውን የባሰ ሊጎዳ ይችላል። የሚመከረው ከቧንቧ የሚወርድ ቀዝቃዛ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ነው።

የመጨረሻው ገመዱ ነው። ኬቨን ከቤቱ መስኮት ዛፍ ላይ ወዳለች ጎጆ በተዘረጋ ገመድ ተንሸራቶ ያመልጣል። ሌቦቹ በእጃቸው እየተንጠለጠሉ ይከተሉታል። መሃል ላይ ሲደርሱ መቀስ ያሳያቸዋል።

ከመቁረጡ በፊት ግን ገመዱን እንየው። ሁለቱ ሌቦች 150 ኪሎ ናቸው እንበል። ገመዱ ስንት መሸከም አለበት? «150» አለች ወዲያው። ከዚያ አሰብ አድርጋ «ሁለት ጫፍ ስላለው 75፣ 75» አለች። ገመዱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ቢሆን ልክ ነበረች። ይህ ግን አግድም ነው። አግድም የተወጠረ ገመድ የሚስበው ወደ ጎን ነው። ሰው የሚሸከመው ግን ወደ ላይ የሚስብ ነገር ነው። ገመዱ ወደ ላይ መሳብ የሚችለው ረገብ ብሎ ትንሽ ሲያዘነብል ብቻ ነው። ትንሽ ካዘነበለ ደግሞ ያችን ትንሽ የወደ ላይ ድርሻ ለማግኘት በጣም መወጠር አለበት። በሁለቱም በኩል 10 ዲግሪ ቢረግብ፣ ገመዱ ላይ የሚመጣው ውጥረት የ430 ኪሎ ያህል ነው። 5 ዲግሪ ቢሆን 860። እየተወጠረ በሄደ ቁጥር ይብሳል። ፍጹም ቀጥ ያለ ገመድ የአንድ ሸሚዝ ክብደት እንኳ አይችልም፣ የግድ ይረግባል። የልብስ ማስጫችሁን ሄዳችሁ እዩት። በምሰሶ መሃል ያለ የኤሌክትሪክ ሽቦም ረገብ ተደርጎ የሚሰቀልበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው።

ኬቨን በጎጆው በኩል ሲቆርጠው ሌቦቹ አይወድቁም፤ ይወዛወዛሉ። ሌላኛው ጫፍ አሁንም ቤቱ ላይ ታስሯል። ገመዱ በቅጽበት ፔንዱለም ሆነ። የቀለም ጋሎኑ ራሳቸው ሆኑ። 5 ሜትር ዝቅ ቢሉ ግድግዳው ጋ የሚደርሱት በ36 ኪሎ ሜትር በሰዓት ነው። ግድግዳው ጡብ ነው። ርቀት አይሰጥም።

ፊልሙ ሲያልቅ ልጅቷ ለመተኛት አልተነሳችም። ባለ ግማሽ ሊትር የውሃ ኮዳ አመጣች። ከበሩ ጉበን ላይ በክር አንጠለጠልነው፣ ከማሰሪያው እስከ ኮዳው መሃል 1 ሜትር። በትንሹ ወደ ጎን ስባ ለቀቀችው። በስልኳ እየለካች አሥር ጊዜ ሄዶ እስኪመለስ ቆጠረች። 20 ሰከንድ። ክሩን ወደ 25 ሳንቲ ሜትር አሳጠርነው። 10 ሰከንድ። ርዝመቱ አራት ጊዜ ሲያንስ ጊዜው በግማሽ ነው የሚያንሰው።

«አሁን ባለ 2 ሊትሩን» አለች። ከበድ ስለሚል ይፈጥናል ብላ ገምታለች። ክሩን መልሰን 1 ሜትር አደረግነው። ቆጠረች። 20 ሰከንድ። የተሳሳተች መስሏት እንደገና ቆጠረች። አሁንም 20። ለሦስተኛ ጊዜ ስልኩን ለእኔ ሰጥታኝ፣ እሷ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ኮዳውን ብቻ ታይ ጀመር።